ሳይሠራ ስለተጠናቀቀው ድልድያችን የቀረበ ምስጋና

ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል
የመንደር መንገዶችና መሻገሪያዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሚዛን አማን

የተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የባልደረቦችዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በኮምፒውተሮቻችሁ ውስጥ ሆኖ ደብዳቤ የሚያረቅላችሁ አዲሱ ረዳትም ደህና እንደሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ሳይታክት የሚሠራው እርሱ ብቻ መሆኑን ስለሰማሁ ጤናው ያሳስበኛል። እኛ የዶቃ ወንዝ ማዶ ሰዎች፣ ጌታ ይመስገን፣ ከጉልበታችን በላይ ደህና ነን። ከጉልበታችን በታች ያለው እንደ ወንዙ ሁኔታ ነው።

ማን እንደሚጽፍልዎ ግራ እንዳይገባዎ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያው በሚዛን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገልግዬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሟቹ ባለቤቴ በተወልኝ የቡና ማሳ ላይ፣ ከሸኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን የምኖር ሴት ነኝ። ስለዚህ የደብዳቤን ወግ ጥቂት አውቃለሁ። «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ማንም የማያውቀውን ነገር ሊናገር እንደሆነ ለመገመት ከእኔ የተሻለ ልምድ ያለው ሰው በአካባቢው ያለ አይመስለኝም። ይህንን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ አድርጌ የምጽፈው ደግሞ ለጽሕፈት ቤታችሁ ብቻ የሰጠኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች እጅግ ያማሩ መልሶች ስላስገኙልኝና፣ ያን የመሰለ ውበት በመሳቢያዬ ደብቄ ማስቀረቱ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የጣለው ዝናብ በዶቃ ወንዝ ላይ የነበረንን የእንጨት ድልድይ ነቅሎ ወሰደው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና እሸት ቡናችንን የምናደርስበት የመፈልፈያ ጣቢያ ከወንዙ ወዲያ ናቸው፤ እኛ ከወንዙ ወዲህ ነን። በላይኛው መንገድ እንዙር ቢባል አራት ሰዓት በእግር ያስኬዳል፤ እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ እንደሚበላሽ እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና አያጡትም። ይህን ሁሉ በስድስት ገጽ በእጄ ጻፍኩ። መቶ አርባ ሦስት ሰው ፈረመበት፤ መጻፍ የማይችለውም በአውራ ጣቱ አተመ። ዞሬ ሄጄ ራሴ መዝገብ ቤት አስገባሁት።

መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በአገልግሎት ዘመኔ በሦስት ቀን የተመለሰ ደብዳቤ አይቼ ስለማላውቅ፣ ተደውሎ «ውሰጂ» ስባል የሰው ስም ተሳስተው ነው ብዬ ነበር። እሑድ ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኢሳይያስ ለሕዝቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እንዲህ ይላል፦ «ወንዙ ድልድዩን መረከቡን በደስታ ተረድተናል። ርክክቡ በሰላም በመጠናቀቁ ለመላው ነዋሪ እንኳን ደስ አላችሁ እያልን፣ ወንዙም የተረከበውን ንብረት በአግባቡ እንዲጠብቅ እናሳስባለን።»

«እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከዳር ጀምሮ እየቀዘቀዘ መጥቶ ጸጥ ሲል አቶ ኢሳይያስ መነጽሩን አወለቀና፣ «ማናልሞሽ፣ አስረካቢው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የርክክብ ሰነድ ስጽፍ ኖሬ እንኳ፣ ወንዙ በማን ፊት እንደፈረመ እስከ ዛሬም አላወቅሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶአችሁ አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማጣራት በማግስቱ ጽሕፈት ቤታችሁ ስመጣ በደብዳቤ ክፍል ያለው ባለሙያ አቶ ፍሬአብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እርሱ የቆመው ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። በትሕትና አሠራሩን አሳየኝ። የአመልካቹን ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ ያነሣና ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። ደብዳቤ በሚጻፍበት ገጽ በስተቀኝ በኩል ረዳቱ ተቀምጧል፤ «አሳጥር» የሚል ቁልፍ አለ፣ «መልስ አርቅ» የሚል ቁልፍ አለ። ሁለቱን ሲጫን ስድስቱ ገጾቼ መጀመሪያ ሦስት መስመር፣ ቀጥሎም የእንኳን ደስ አላችሁ መግለጫ ሆኑ። «ወንዙ ድልድዩን ወሰደው» ብዬ ስጽፍ ረዳቱ፣ እንደ ጨዋ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መውሰድን መረከብ አድርጎ ተረድቶታል። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። እውነት ለመናገር ቀናሁ፤ በእኔ ጊዜ አንድ ፊደል ሲሳሳት ወረቀቱን መዝዘን እንደገና ነበር የምንጀምረው።

ገጾቹን አንብቧቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። አቶ ፍሬአብ ዋሽቶ ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «እትዬ ማናልሞሽ፣ በቀን ሰባ ደብዳቤ ይገባል፤ አራት ሰው ይሠራው የነበረውን ብቻዬን ነው የምሠራው። ማጠቃለያውን ነው ያነበብኩት» አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አሳየኝ። ረዳቱ ከእያንዳንዱ ረቂቅ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ «የእጅ ጽሑፉ በከፊል አልተነበበልኝም፤ እባክዎ ከመላክዎ በፊት ከዋናው ጋር ያመሳክሩ» ብሎ ይጽፋል። እኔም ከቦርሳዬ ደብዳቤያችንን አውጥቼ ግርጌውን ብመለከት ማሳሰቢያው እዚያው አለ፤ የጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም ልክ በላዩ ላይ አርፎበታል። በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አላነበብኩም ብሎ በጽሑፍ ያመነ አንድ አካል በመኖሩ፣ እርሱም በማኅተም የጸደቀለት በመሆኑ፣ ልባዊ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

አቶ ፍሬአብ አጠር አድርጌ እንድጽፍ መከረኝ። መከራችንን በአንድ መስመር ማስገባት ለእኔ ሙያ ነውና እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «ድልድዩ በድንገት ጥሎን ሄደ፤ እርዱን።» ወረቀቱን ወስዶ ሌላ ባለጉዳይ እያናገረ ቁልፎቹን ተጫነ፤ ውጭ ጥቂት ጠብቄ በእርስዎ የተፈረመውን መልስ በእጄ ተቀበልኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። «በአቶ ድልድዩ ድንገተኛ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጅ ዘመዶቻቸው መጽናናትን እንመኛለን» ይላል።

ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት አማን ውስጥ ካለችው ደንበኛዬ ከዙሌይካ ሱቅ ጨውና ሳሙና ልገዛ ገባሁ። ደብዳቤውን ባንኮኒው ላይ እንዳስቀመጥኩት አየችውና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ አላህ ሶብር ይስጣችሁ ብላ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ስኳር ትመዝንልኝ ጀመር። ሟቹ ድልድይ መሆኑን ሳስረዳት ከልቧ ሳቀች፤ ስኳሩን ግን መልሳ አልወሰደችም። «ይውሰዱት እትዬ፣ ድልድይም ቢሆን ያው ለቅሶ ነው» አለችኝ። ከጽሕፈት ቤታችሁ ጋር በነበረኝ ግንኙነት ያገኘሁት ተጨባጭ ጥቅም ይህ ስኳር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋናም አይደለም፣ ቅሬታም አልለውም። የሆነውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ጎረቤቴን ውድነሽን ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አዋላጇ ሴትዮ ሕፃኑ አልተስተካከለም፣ ጤና ጣቢያ ትድረስ አለች። በላይኛው መንገድ አራት ሰዓት የምትቆይ አልነበረችም፤ በቀጥታ ደግሞ ወንዙ አለ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ደፍርሷል። ስድስት ወንዶች ቃሬዛ አሰሩ። ከወዲህ ያለውን የገመድ ጫፍ ዳር ላይ ካለው ዋርካ ጋር አስረው ገቡ፤ ባሏ ሲላስ ከፊት ነበር። ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቃሬዛውን በራሳቸው ላይ አነሡት። መሐል ላይ አንደኛው አዳለጠውና ቃሬዛው ወደ ጎን ዘመመ፤ ውድነሽ በአንድ እጇ ገመዱን፣ በሌላው የባሏን ፀጉር ያዘች። ሲላስ አልጮኸም። አንገቱን አደንድኖ ቆሞ፣ ያዳለጠው ሰው እስኪነሣ ጠበቀ። እኔ ዳር ላይ ጫማዋን ይዤ ቆሜያለሁ።

ተሻገሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲላስ ከወንዙ ማዶ መጥቶ ቆመ፤ የውሃው ድምፅ ስለበዛ የሚለው አልሰማ አለን። እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ እንደገና ተጣራ። «ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ይላል። አቶ ኢሳይያስ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ያኔ ነው ጫማዋን አሁንም እንደያዝኩ ያወቅሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥዕል ችሎታችሁ አመሰግናለሁ። ጥቅምት ላይ እንደገና ወደ እናንተ ስመጣ የያዝኩት ማመልከቻ አልነበረም፤ እርስዎን በአካል ለማነጋገር ነበር። በደግነትዎ ተቀበሉኝና ወደ በላይ አካል የላኩትን የሩብ ዓመት ሪፖርት አሳዩኝ። ረዳቱ ከመዝገቡ የራሱን ደብዳቤ አግኝቶ «የዶቃ ድልድይ፦ ርክክቡ ተጠናቋል» ብሎ አስገብቶታል። ፎቶግራፍ የሚለው ቦታ ባዶ እንዳይሆንም ራሱ ሥሎበታል፤ ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ፣ ከሥሩ እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ፣ ከበስተኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ። ሚዛን ላይ በረዶ! እኔ ግን ደስ ብሎኝ አየሁት፤ መቼም በዚያ ድልድይ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ብትሻገር ከብርዱ በቀር የሚያሰጋት ነገር የለም።

ሪፖርቱ ታርሞ መንደራችን በዕቅድ እንዲያዝ ስለምንዎ የመለሱልኝን ቃል አልረሳውም። «ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ የተጠናቀቀ ሥራ እንደገና አይጀመርም» አሉኝ። እጅግ ትክክል ነው። ውድነሽን ወደ ወንዙ ከማስገባታችን በፊት ይህንን መመሪያ ብናውቅ ኖሮ በሥዕሉ በኩል እናሳልፋት ነበር።

ስወጣ አቶ ፍሬአብ በኮሪደሩ ተከትሎኝ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ከእርሱ ደብዳቤ እንደማልፈልግ፣ ከቻለ አንድ ቀን መጥቶ ወንዙን በዓይኑ እንዲያይልኝ ብቻ ነገርኩት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ጠዋት ግን የራሱን ሞተር ሳይክል እየነዳ ከወንዙ ማዶ ደረሰ። ሞተሩን እዚያው አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ውሃው በዚያን ቀን ከወገብ አይበልጥም ነበር፤ እርሱ ግን የከተማ ልጅ ነውና ድንጋዩን መርገጥ አላወቀበትም፣ መሐል ላይ ወደቀ። ሲላስ ዘሎ ገብቶ በኮሌታው ይዞ አወጣው።

ልብሱ እስኪደርቅ ነጠላ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ውድነሽ ልጇን አዝላ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበችለት። ከበላ በኋላ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ቅጂ ጠየቀኝ። ስድስቱንም ገጽ አነበበ። ማንም አላዋከበውም። ስሞቹን ሳይቀር አንድ በአንድ፣ የአውራ ጣት አሻራዎቹን ሳይቀር እያየ አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ወንዙ ዞረና፣ «እኔ ነኝ የላክሁት። ማሽኑ አመሳክር ብሎኝ ነበር» አለ። ውድነሽ ጎደሬ ጨመረችለት።

ሰኞ ዕለት ያለ ረዳቱ፣ በራሱ እጅ፣ ሪፖርቱ ስሕተት መሆኑንና ስሕተቱም የራሱ መሆኑን ጽፎ ወደ በላይ አካል ላከው። እርስዎን አላስፈቀደም። በዚህ ጥፋተኛ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ያደግሁ ሴት ነኝና ከደንቡ ጋር አልከራከርም።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ እርምታችሁ ነው። ኅዳር ላይ መሐንዲሶች መጥተው ወንዙን ለኩ፤ ውሃው ሲጎድል በጥር ሥራው እንደሚጀመርም ነገሩን። እስከዚያው እኛም ሁለት ግንድ ጥለን ሽቦ ወጥረንበት እንሻገራለን፤ ዘንድሮ ቡናችን ከግማሽ በላይ በሰዓቱ ደርሷል። ለእርስዎ ደግሞ «ስሕተቱን በራሱ ተነሣሽነት ያረመ አርአያ ጽሕፈት ቤት» የሚል የምስጋና ወረቀት ከበላይ እንደመጣልዎና በመስታወት ተደርጎ ከወንበርዎ በላይ እንደተሰቀለ በዓይኔ አይቼ ደስ ብሎኛል። በራሱ ተነሣሽነት ያረመው አቶ ፍሬአብ ግን በዚያው ሳምንት ከደብዳቤ ክፍል ተነሥቶ የተሰበሩ ወንበሮችና አሮጌ መዝገቦች ወደሚቀመጡበት ግምጃ ቤት ተዛወረ። የዝውውሩን ደብዳቤ አሳይቶኛል፤ «ለአዲሱ የሥራ ዕድልዎ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። አጻጻፉን አውቄዋለሁ።

የተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል ሆይ፤ እኔ በረዳቱ ላይ ቂም የለኝም። ውሃ አይቶ አያውቅም፣ ያላነበበውን አላነበብኩም ብሏል፤ ከዚህ በላይ ከእርሱ አይጠበቅም። በእርስዎም ላይ እንዲፈረድ አልጠየቅሁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ካሉት ሠራተኞች ሁሉ ወንዛችን ውስጥ የወደቀው አንድ ሰው ነው፤ እርሱን ወደ ቦታው ይመልሱልን። መቶ አርባ ሦስታችንም በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ፈርመናል። ውድነሽ ያኔ ከፈረሙት አንዷ ናት፤ አሁን ደግሞ የልጇን አውራ ጣት ቀለም ነክራ ከጎኗ አትማበታለች፤ ስለዚህ መቶ አርባ አራት ነን።

በሚያነቡትም ሆነ በማያነቡት ደብዳቤ ላይ እኩል የሚፈርመው እጅዎ እንዳይደክም፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየጸለይኩ፣ ለታላቅነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ስነሣም ቀሚሴን እየጨመቅሁ፣ የምሰናበትዎ

አክባሪዎ
ማናልሞሽ ይትባረክ
ጡረተኛ ታይፒስት፣ የዶቃ ወንዝ ማዶ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ዓይኔ ስለደከመ ፊደሌን ትልልቅ አድርጌ ጽፌአለሁ፤ ገጹም በዛ። ለማንበብ ጊዜ ካጡ አይጨነቁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ የለኝም፤ መጥቼ በአቶ ፍሬአብ ባዶ ወንበር ላይ እቀመጥና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልዎታለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ስጨርስ ደግሞ ምን እንደሚል እጠይቅዎታለሁ።